የአካባቢ መንገዶች ከከባድ ጭነት የሚጠበቁት እንዴት ነው?

በብዙ የገጠር ወረዳዎች ተደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ኅብረተሰቡ በጉልበቱና በገንዘቡ የተሳተፈበት የጠጠር መንገድ ተመርቆ አገልግሎት መስጠት ይጀምራል። ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ሳያልፍ ግን መሃሉ ይሰምጣል፣ ጎማ የሄደበት መሥመር እንደ ቦይ ይቦረቦራል፣ በየቦታው ውኃ ይቋጠራል። ከዚያ በኋላ ጉዳቱ ከመንገዱ አልፎ ሰው ላይ ይደርሳል። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ እስከሚደርስበት ቦታ በቃሬዛ ትወሰዳለች። ማዳበሪያ ከመገንጠያው ላይ ወርዶ በአህያ ይጋዛል። እህል ገዢው ነጋዴም የመንገዱን ችግር ምክንያት አድርጎ በኩንታል የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል።

እንዲህ ያለ መንገድ ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚነሳው ቅሬታ «ጥራት የለውም» የሚል ነው። ቅሬታው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሁንና በጥራት የተሠራ መንገድም ቢሆን ሊሸከመው የሚችለው ክብደት ልክ አለው። ያ ልክ በተደጋጋሚ ሲጣስ፣ በተለይም አፈሩ ውኃ በጠጣበት ወቅት ሲጣስ፣ ለዓመታት እንዲያገለግል የታሰበ መንገድ በሳምንታት ውስጥ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንገድን ለመጠበቅ አስቀድሞ የሚጎዳውን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

መንገድ ክብደትን የሚሸከመው እንዴት ነው?

መንገድ ከላይ ሲታይ አንድ ወጥ ነገር ይመስላል፤ በውስጡ ግን ተደራራቢ ንጣፎች አሉት። ከሥር ያለው የተፈጥሮ አፈር ነው። በላዩ ተመርጦ የመጣ ገረጋንቲ ይነጠፍና በመዳመጫ ማሽን ይጠቀጠቃል። በአስፋልት መንገድ ላይ ደግሞ የተፈጨ ጠጠርና አስፋልት ይደረብበታል። የእነዚህ ንጣፎች ተግባር ጎማ በጠባብ ቦታ ላይ የሚያሳርፈውን ጫና እየበተኑ ከሥር ላለው አፈር ማድረስ ነው። ንጣፉ ወፍራም ከሆነ ጫናው አፈሩ ዘንድ ሲደርስ ቀላል ይሆናል። ስስ ከሆነ ግን አፈሩ ጫናውን ሳይበተን ይቀበልና ይሰምጣል።

አገር አቋራጭ አውራ ጎዳናዎች ከባድ ተሽከርካሪ እንደሚመላለስባቸው ታስቦ የሚገነቡ ናቸው። የቀበሌ መንገዶች ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘትን ዓላማው አድርጎ የተነሳ ነበር። እንዲህ ያሉ መንገዶች በቀን ጥቂት ተሽከርካሪዎችን እንዲያስተናግዱ የተሠሩ በመሆናቸው የጠጠር ንጣፋቸው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ይህ ባለው ገንዘብ ብዙ ቀበሌዎችን ለመድረስ ሲባል የተደረገ ምርጫ ነው። ችግሩ የሚመጣው መንገዱ ያልታሰበለት ክብደት ሲያርፍበት ነው። በአቅራቢያው የድንጋይ ካባ ሲከፈት፣ ከወንዝ አሸዋ መውጣት ሲጀምር ወይም ትልቅ የግንባታ ሥራ ሲመጣ፣ ለአይሱዙ የተሠራው መንገድ ገልባጭና ተሳቢ ማስተናገድ ይጀምራል።

ጉዳቱ ከክብደቱ በላይ ያድጋል

ለመንገድ ጉዳት ወሳኙ የተሽከርካሪው ጠቅላላ ክብደት ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር እያንዳንዱ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ፣ መንገዱ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ነው። ይህን በዝርዝር ለማወቅ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በኦታዋ ከተማ አቅራቢያ ሰፊ ሙከራ ተካሂዷል። ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ የተለያየ ክብደት የጫኑ መኪናዎች ሌት ተቀን እንዲመላለሱ ተደርጎ ንጣፎቹ እንዴት እንደሚጎዱ ተመዝግቧል። የዚያ ሙከራ ውጤት እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች የመንገድ ዲዛይን መሠረት ሆኖ ያገለግላል።

ውጤቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የአክስል ክብደት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በእጥፍ ሳይሆን በ16 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ሁለትን በራሱ አራት ጊዜ ደጋግሞ እንደማባዛት ነው፤ 2 በ2፣ በ2፣ በ2 ሲባዛ 16 ይሆናል። በዚህ ስሌት 10 ቶን የሚያሳርፍ አክስል 12 ቶን እንዲሸከም ቢደረግ፣ ክብደቱ የጨመረው በ20 በመቶ ቢሆንም ጉዳቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በ50 በመቶ ቢጨምር ጉዳቱ አምስት እጥፍ ይደርሳል።

መሐንዲሶች እንደ መለኪያ የሚጠቀሙበት አክስል 8.2 ቶን የሚመዝን ነው። የአንድ አነስተኛ የቤት መኪና አክስል ግማሽ ቶን ያህል ቢያሳርፍ፣ የመለኪያው አክስል አንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማድረስ የቤት መኪናው አክስል ከ70 ሺህ ጊዜ በላይ ማለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ ባጃጅ፣ ሚኒባስና የቤት መኪና ቢበዙም የመንገዱን መዋቅር አያፈርሱም። መዋቅሩን የሚያፈርሱት በቁጥር ጥቂት የሆኑ፣ ከልክ በላይ የጫኑ ተሽከርካሪዎች ናቸው።

ይህ ስሌት በአስፋልት መንገድ ላይ ከተደረገ ሙከራ የተገኘ በመሆኑ በጠጠር መንገድ ላይ ትክክለኛው መጠን እንደ አፈሩ ዓይነትና እንደ እርጥበቱ ይለያያል። አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ጭነት ሲጨምር ጉዳቱ ከጭነቱ በፈጠነ ሁኔታ ያድጋል።

ሁለት ምልልስ ለማትረፍ

ከልክ በላይ የሚጭን ሰው የራሱ ምክንያት አለው። በአንድ ጉዞ ብዙ ከጫነ ነዳጅና ጊዜ ይቆጥባል። ሒሳቡን ከመንገዱ አንጻር ማየት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ለምሳሌ የአንድ መኪና የኋላ አክስል ባዶውን 3 ቶን፣ ሲጫን ደግሞ 10 ቶን ያሳርፋል እንበል። በዚህ አክስል ላይ በድምሩ 63 ቶን አሸዋ ለማጓጓዝ 9 ምልልስ ያስፈልጋል። መኪናው ከልክ በላይ ጭኖ አክስሉ 12 ቶን እንዲያሳርፍ ከተደረገ ያው አሸዋ በ7 ምልልስ ይጠናቀቃል። ባለመኪናው ሁለት ምልልስ አተረፈ፤ በመንገዱ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን በ60 በመቶ ገደማ ጨመረ። ባዶውን ሲመለስ የሚያደርሰው ጉዳት ኢምንት ስለሆነ በልኩ ጭኖ ደጋግሞ መመላለስ ለመንገዱ የተሻለ ነው።

ትርፉን የሚወስደው አንድ ሰው ሲሆን ወጪውን የሚሸከመው ግን መንገዱን የሚጠቀም ሁሉ ነው። ውሎ አድሮ ባለመኪናውም አይቀርለትም። ከልክ ያለፈ ጭነት ባሌስትራ ይሰብራል፣ ጎማ ይጨርሳል፣ ፍሬን ያዳክማል። መንገዱ ሲበላሽ ደግሞ ያ ሁሉ ኪሳራ በእጥፍ ይመለሳል።

ክብደቱን በብዙ አክስሎች ላይ ማከፋፈልም ልዩነት ያመጣል። 20 ቶን በሁለት አክስሎች ላይ ከሚያርፍ በሦስት አክስሎች ላይ ተከፋፍሎ ቢያርፍ፣ በግርድፉ ሲሰላ ጉዳቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ ጎማ ያለው መኪና ሁልጊዜ የበለጠ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። ጥቂት ጎማ ያለው ሆኖ ከአቅሙ በላይ የጫነ መኪና ከእርሱ ሊብስ ይችላል።

ውኃና ዋልካ አፈር

ክብደት ብቻውን ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ከውኃ ጋር ሆኖ የሚያደርሰው ይከፋል። ደረቅ አፈር ጫናን ይቋቋማል። ውኃ ሲጠጣ ግን የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት ኃይል ስለሚዳከም በበጋ ያለ ችግር ያሳልፍ የነበረውን መኪና በክረምት መሸከም ያቅተዋል።

ይህ ችግር ጎልቶ የሚታየው በዋልካ አፈር ላይ ነው። በሞረትና ጅሩ፣ በጃማ፣ በፎገራ ሜዳ፣ በደንቢያ እንዲሁም በምሥራቅ ጎጃም ሰፋፊ ቦታዎች የሚገኘው ይህ ጥቁር አፈር ለጤፍ፣ ለስንዴና ለሽምብራ ምቹ ቢሆንም ለመንገድ ግን አስቸጋሪ ነው። ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ ሲያብጥና ሲሸበሸብ በላዩ የተነጠፈውን ገረጋንቲ ያናጋል። በረጠበ ዋልካ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ ጠጠሩ ወደ ጭቃው ይሰምጣል፤ ጭቃው ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። አንዴ ከጭቃ ጋር የተቀላቀለ ገረጋንቲ በግሬደር ቢስተካከልም ወደ ቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። እንደገና ሌላ ገረጋንቲ ማምጣት ግድ ይሆናል።

ከዚህ በመነሳት ለጠጠር መንገድ በጣም አደገኛ የሆነው ጊዜ ታውቆ የሚጠበቅ ነው ማለት ይቻላል። ከባድ ዝናብ በሚጥልበት በሐምሌና በነሐሴ፣ በተለይም ዝናቡ እንዳባራ ባሉት ሰዓታት የሚያልፍ አንድ ከባድ መኪና፣ በጥር ወር ከሚያልፉ ብዙ መኪናዎች የበለጠ ሊጎዳ ይችላል።

በከተማ ውስጥ

የከተማ ነዋሪም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። በብዙ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የተሠሩት በጌጠኛ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ራሱ ጠንካራ ነው፤ የተቀመጠው ግን በአሸዋ ንጣፍ ላይ ነው። ለግንባታ ብረት፣ ሲሚንቶ ወይም ብሎኬት የጫነ ከባድ መኪና ሲገባበት ድንጋዩ ሳይሰበር ከሥሩ ያለው ንጣፍ ይሰምጣል። በተለይ የውኃ ቧንቧ ለመቅበር ተቆፍሮ በደንብ ሳይጠቀጠቅ በተከደነ ቦታ ላይ ጉድጓድ ወዲያውኑ ይፈጠራል። አንድ ድንጋይ ከቦታው ከተነቃነቀ ጎረቤቶቹም መያዣ ስለሚያጡ ጉዳቱ በፍጥነት ይሰፋል።

ሌላው ጉዳት የሚደርሰው በመንገድ ዳር ቦዮች ላይ ነው። የቦይ ክዳኖች በአብዛኛው ለእግረኛ የታሰቡ ናቸው። ከባድ መኪና ጥግ ይዞ ለመቆም ሲወጣባቸው ይሰበራሉ፤ ስብርባሪው ቦዩን ይደፍነዋል፤ የተደፈነው ቦይ ውኃውን ወደ መንገዱ ይለቃል። ከየቤቱ ወደ መንገድ የሚለቀቅ ፍሳሽም የመንገዱን ሥር በበጋም ጭምር እርጥብ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት በከተማ ውስጥ መንገድን መጠበቅ ማለት ለከባድ ተሽከርካሪ መግቢያ መሥመር፣ ማራገፊያ ቦታና የተወሰነ ሰዓት ማበጀት፣ ቦይንም ክፍት ማድረግ ማለት ነው።

ቁጥጥሩ የሚጎድልበት ቦታ

በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ክብደት በሕግ የተገደበ ነው። በዋና ዋና መሥመሮች ላይ፣ ለምሳሌ በሞጆና በአዋሽ፣ የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች ተተክለው ይሠራሉ። ለመንገድ ጥገና የሚውል ገንዘብ የሚሰበስበው የመንገድ ፈንድም በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 ተቋቁሟል። የፈንዱ ዋነኛ ምንጭ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚሰበሰበው ታሪፍ ሲሆን ከልክ በላይ በመጫን የሚከፈል ቅጣትም በአዋጁ ከተዘረዘሩት ገቢዎች አንዱ ነው።

ክፍተቱ ያለው ከአውራ ጎዳናው ከተገነጠሉ በኋላ ነው። ከካባ ወይም ከወንዝ ተነስቶ በቀበሌ መንገድ ላይ ብቻ የሚመላለስ ገልባጭ በሚዛን ጣቢያ በኩል አያልፍም። ስስ የሆነው መንገድ ቁጥጥር የሌለበት፣ ወፍራም የሆነው ደግሞ ቁጥጥር ያለበት ሆኖ ይገኛል።

ያም ሆኖ ሚዛን በሌለበት ቦታም ጭነትን መገመት ይቻላል። የእያንዳንዱ መኪና የመጫን አቅም በሊብሬው ላይ ተጽፏል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ግራም ስለሆነ 200 ከረጢት 10 ቶን ወይም 100 ኩንታል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 16 ኩንታል ገደማ ይመዝናል፤ ሲረጥብ ከዚያም ይበልጣል። 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገልባጭ አሸዋ ሲሞላ ጭነቱ ብቻ 250 ኩንታል ያልፋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ስፖንዳው በ25 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ከተደረገ እንደ ጭነት ሳጥኑ ስፋት እስከ 50 ኩንታል የሚደርስ ተጨማሪ ጭነት ይመጣል። ስለዚህ የተቀጠለ ስፖንዳ ለቀበሌ አስተዳደርም ሆነ ለትራፊክ ፖሊስ በዓይን የሚታይ ምልክት ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ከባድ መኪናን ፈጽሞ መከልከል መፍትሔ አይሆንም። ማዳበሪያውን፣ የትምህርት ቤቱን ሲሚንቶና የገበሬውን እህል የሚያጓጉዘው ያው መኪና ነው። የሚያስፈልገው መቼ፣ ምን ያህል ጭኖና በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ መወሰን ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ በዝናብ ወቅት ከባድ ተሽከርካሪን መግታት ነው። በካሜሩን ባልተነጠፉ መንገዶች ላይ የዝናብ ኬላ የሚባል አሠራር አለ። ዝናብ ሲጥል ኬላው ይዘጋል፤ ዝናቡ ካባራም በኋላ መንገዱ እስኪጠነፍፍ ድረስ ለተወሰኑ ሰዓታት ከባድ ተሽከርካሪ አያልፍም። በፊንላንድና በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛትም በረዶ ቀልጦ አፈር በሚርስበት የፀደይ ወቅት በአነስተኛ መንገዶች ላይ የክብደት ገደብ ይጣላል። አሠራሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ማገጃ፣ ግልጽ ማስታወቂያና ለአምቡላንስ ወዲያውኑ የሚከፍት ኃላፊነት የሚሰማው ጠባቂ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጭነትን ከወቅቱ ጋር ማጣጣም ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ክረምቱ ሳይገባ እስከ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ድረስ ከደረሰ በረጠበ መንገድ ላይ መመላለስ አያስፈልግም። የግንባታ ሥራ ያላቸው ተቋማትም አሸዋና ድንጋይ በበጋ አጓጉዘው ማከማቸት ይችላሉ። ተሳቢ የግድ እስከ ቀበሌው መግባት የለበትም፤ ጭነቱን በመገንጠያው ላይ ወደ አነስተኛ መኪና ማዛወር ለአጓጓዡ ወጪ ቢኖረውም መንገዱን ከመልሶ ግንባታ ያድናል።

ሦስተኛው መንገዱን ከልክ በላይ ከሚጠቀም አካል ጋር አስቀድሞ መዋዋል ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት የክብደት ገደብ በተጣለበት መንገድ ላይ ከገደቡ በላይ ማጓጓዝ የሚፈልግ ድርጅት ዋስትና አስይዞ ውል ይገባል፤ ለሚያደርሰው ተጨማሪ ጉዳትም ጥገናውን ይሸፍናል። በእኛም አገር የካባና የአሸዋ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ወይም ተቋራጭ ሥራ ሲጀምር፣ ተመሳሳይ ግዴታ በጽሑፍ ሊካተት ይችላል። ለዚህም ሥራው ከመጀመሩ በፊት መንገዱ ያለበት ሁኔታ በፎቶግራፍና በቃለ ጉባኤ መመዝገብ ይኖርበታል። ማስረጃ ከሌለ መንገዱ ቀድሞም የተበላሸ ነበር የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ሰንሰለት እግር ያላቸው ዶዘርና ኤክስካቫተር በራሳቸው እግር ሳይሆን በሎቤድ ተጭነው እንዲሄዱ ማድረግም በውሉ ሊገባ የሚገባው ነው።

አራተኛውና በኅብረተሰቡ እጅ ያለው ሥራ ውኃን ከመንገድ ማራቅ ነው። የጠጠር መንገድ መሃሉ ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ የሚያዘቀዝቀው ውኃ እንዳይተኛበት ነው። ቦዮችና ቱቦዎች ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ከደለልና ከቆሻሻ መጽዳት አለባቸው። ማሳን እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ማረስ ቦዩን ይደፍናል፤ ከማሳ የሚወርድ ጎርፍን ወደ መንገድ መልቀቅም መንገዱን ይቆርጣል። በአንጻሩ ከመንገድ የሚወርደውን ጎርፍ በሥርዓት ወደ ኩሬና ወደ ማሳ መምራት መንገዱንም አርሶ አደሩንም ይጠቅማል። በትግራይና በአማራ ክልሎች በተለያዩ ቦታዎች ይህ አሠራር ሥራ ላይ ውሏል።

አምስተኛው ጉዳትን በጊዜ መጠገን ነው። ትንሽ ጉድጓድ ውኃ ይቋጥራል፤ ውኃው አፈሩን ያረጥባል፤ ቀጥሎ የሚያልፈው ከባድ መኪና ጉድጓዱን ያሰፋዋል። በአካፋና በአንድ ጋሪ ገረጋንቲ የሚደፈን ጉድጓድ ለአንድ ክረምት ከተተወ ግሬደር፣ ሮለርና ብዙ ቢያጆ ገረጋንቲ ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለመንገድም ይሠራል።

የማን ኃላፊነት ነው?

ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱም በአንድ ወገን ብቻ አይሳካም። ወረዳው የክብደትና የወቅት ገደብ ሲያወጣ ለሁሉም እኩል ተፈጻሚ ማድረግ ይኖርበታል። የነጋዴው መኪና ተከልክሎ የመንግሥት ፕሮጀክት ጭነት የሚያልፍ ከሆነ ገደቡ ተቀባይነት ያጣል። አሸዋና ድንጋይ የሚያመርቱ ማኅበራት መኪናው በሊብሬው ከተፈቀደለት በላይ እንዳይጫን ማድረግ የሚችሉት ገና አካፋ ሲያነሱ ነው። ጭነት ያለው ሰውም «ጨምርበት» ብሎ አሽከርካሪውን ሲያስገድድ የሚፈርሰው የራሱ መውጫ መንገድ መሆኑን ሊያስተውል ይገባል።

በልኩ የሚጭን አጓጓዥ ለአንድ ጉዞ የሚያገኘው ገቢ ሊያንስ ይችላል። መንገዱ ክረምቱን አልፎ በጥቅምት ሲገኝ ግን የእርሱም ሥራ ይቀጥላል፤ አዲሱ የመኸር ምርት ወደ ገበያ ይወጣል፤ አምቡላንሱም እስከ ጤና ኬላው ደጃፍ ይደርሳል።